የባሕር ስትሪመር በጸጉር ብዛት አይተልቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ለባሕር ጉዞ ስትሪመር ስለማዘጋጀት የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ከመንጠቆ ላይ በላባ፣ በጸጉርና በክር እየታሰረ ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የሚደረገው ይህ ማባበያ ብዙ ትዕግሥትና የእጅ ጥበብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በጋዜጣ ዓምድ ላይ ቦታ ማግኘቱ የሚያስመሰግናችሁ ነው። ሆኖም ከተሰጡት ምክሮች መካከል አንዱን ሳልቃወም ማለፍ አልቻልኩም። ጽሑፉ ለትልልቅ የባሕር ዓሦች የሚሆን ስትሪመር ለመሥራት ለወንዝ የሚያገለግለውን አሠራር እንዳለ ይዞ፣ መንጠቆውን ማተለቅና ጸጉሩንና ላባውን እጥፍ ማድረግ በቂ ነው ይላል። ይህን ምክር አምኖ ለጉዞው የሚዘጋጅ ጀማሪ ለሳምንታት የደከመበትን ሥራ ባሕሩ ዳር ደርሶ ሊወረውረው አይችልም። ትልቅ ስትሪመር ትልቅ መሆን ያለበት በውኃ ውስጥ በሚታየው ቅርጹ ነው፤ የተሸከመው ቁስ ግን ቅርጹ ከሚጠይቀው ትንሹ መጠን ማለፍ የለበትም።

ምክንያቱ ከውርወራው ይጀምራል። በብረት ወይም በእርሳስ ማባበያ ሲጠመድ ማባበያው በክብደቱ ናይለኑን እየጎተተ ይሄዳል። በፍላይ ዘንግ፣ ማለትም እንደ ስትሪመር ያሉ በላባና በጸጉር የሚሠሩ ቀላል ማባበያዎች በሚወረወሩበት ዘንግ ግን፣ ክብደት ያለው ገመዱ ስለሆነ የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ስትሪመሩ ተከትሎት ይጓዛል። ለባሕር ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ከ10 እስከ 12 ቁጥር ያሉ ዘንጎች ሲሆኑ፣ የ10 ቁጥር ገመድ የመጀመሪያዎቹ 9 ሜትሮች በመደበኛው ልኬት ወደ 18 ግራም፣ የ12 ቁጥሩ ደግሞ ወደ 25 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ውኃ የጠጣ፣ በጸጉር የተጠቀጠቀ ትልቅ ስትሪመር በዚህ ሚዛን ላይ ጥቂት ግራሞች ሲጨምር ገመዱ የመሸከም አቅሙን ያጣል። ከክብደቱ በላይ ደግሞ የሚያስቸግረው አየሩን የሚገፋው ስፋቱ ነው፤ ገመዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ ስትሪመሩ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ጉልበቱም ከመድረሻው በፊት ያልቃል። ከባሕር የሚነሳ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ችግሩ የባሰ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ለሰዓታት የሚወረውር ሰው ትከሻው ይዝላል፣ ውርወራው ይበላሻል፣ መንጠቆውም ወደ ገዛ ጀርባው ወይም ወደ አጠገቡ ሰው መዞር ይጀምራል።

አዳኙ ዓሣ በበኩሉ የጸጉሩን ብዛት የሚቆጥርበት ምክንያት የለውም። ሳርዲንን፣ ሙሌትን ወይም ሌላ በመንጋ የሚሄድ ትንሽ ዓሣ ሲያሳድድ የሚያየው የአካሉን ዙሪያ መስመር፣ የጎኑን ብልጭታ፣ የዓይኑን ክብ ጥቁረትና የእንቅስቃሴውን ሁኔታ ነው። የእነዚህ ዓሦች ጀርባ ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ጥቂት ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ አድርጎ ማሰር ብዙ ቀለም ከመደራረብ የበለጠ ይጠቅማል። ቅርጹም ቢሆን እንደሚታደነው ዓሣ ይለያያል፦ አንዳንዱ ረዥምና ቀጭን፣ ሌላው አጭርና ሆደ ሰፊ ነው። ጎኑ ሰፍቶ የሚታይ ስትሪመር ከፊት ሲመለከቱት ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ መሆንም አለበት።

ይህ የእኔ የግል ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው በርናርድ ክሬ፣ በብዙዎች ዘንድ ሌፍቲ ክሬ ተብሎ የሚታወቀው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሠራው ዲሲቨር የተባለ ስትሪመር ዛሬም የትልልቅ የባሕር ስትሪመሮች መነሻ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ቴምብር አትሞለታል። አሠራሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጥበቡ የት ላይ እንዳለ ይረዳል። ረዣዥሞቹ የአውራ ዶሮ ላባዎች የሚታሰሩት መንጠቆው መታጠፍ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ከኋላ ነው፤ በግራና በቀኝ ሦስት ወይም አራት ሆነው ጅራቱን ይሠራሉ። የአጋዘን ጭራ ጸጉሩ ደግሞ ከፊት፣ ከመንጠቆው ዓይን (ናይለኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ) ኋላ ታስሮ የላባዎቹን ሥር እየሸፈነ ከመታጠፊያው አልፎ ይሄዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የመንጠቆ ግንድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ቢበዛ በሚያብረቀርቅ ጥቅል ይሸፈናል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጸጉሩ ዙሪያውን ከፈት ስለሚል ሙሉ አካል ያለው ዓሣ ይመስላል። ከውኃ ሲወጣ ግን ሁሉም ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ውኃውን አራግፎ፣ ቀጥኖና ሹል ሆኖ በአየር ውስጥ ያልፋል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ የሄደው በኒው ጀርዚ የባሕር ዳርቻ ያጠምድ የነበረው ቦብ ፖፖቪክስ ነው። ሆሎው ፍላይ በመባል የሚታወቀው አሠራሩ ጽሑፋችሁ ከመከረው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልግለጸው። በተለመደው አሠራር ጸጉሩ ጫፉ ወደ ኋላ ሆኖ ይታሰርና እዚያው ይተኛል፤ ሰፊ አካል ለማግኘት የሚቻለውም በላዩ ላይ ሌላ ጸጉር በመከመር ብቻ ነው። በእሱ አሠራር ግን የጸጉሩ ጫፍ ከመንጠቆው ዓይን አልፎ ወደ ፊት ያመለክታል። ጸጉሩ በግንዱ ዙሪያ እኩል ከተከፋፈለና ሥሩ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ፣ በቀጭን ቱቦ ወይም በጣት ጫፍ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወዲያው ከፊቱ በኩል ክሩ ደጋግሞ ይጠመጠምና ጸጉሩ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያግድ ትንሽ ግንብ ይሠራለታል። ጸጉሩ በዚያ ግንብ ተደግፎ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ዙሪያውን ይቆማል። ውስጡ ክፍት ነው። ጥቂት ጸጉር ብቻ ይዞ ሰፊ ዓሣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውኃው በመካከሉ እየገባ ስለሚወጣም ገመዱ ሲጎተት ይሰበሰባል፣ ሲቆም መልሶ ይከፈታል፣ ያ መሰብሰብና መከፈት ደግሞ የሕያው ዓሣ አተነፋፈስ ይመስላል።

ይህን ለማድረግ የጸጉሩ ምርጫ ወሳኝ ነው፣ በጽሑፉ ግን ስለ ምርጫው አንድም ቃል አላገኘሁም። አንድ የአጋዘን ጭራ ይዞ ከሥሩ ወደ ጫፉ በጣት እየከፈቱ ማየት ይበቃል። ከእንስሳው አካል አጠገብ የነበረው ክፍል ጸጉሩ ወፈር ያለና ውስጡ ይበልጥ ባዶ ስለሆነ፣ ክር ሲጠብቅበት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ ለጭንቅላት ማበጀት ሊሆን ይችላል፣ ለረዥም አካል ግን አይታዘዝም። ወደ ጭራው ጫፍ በሄድን መጠን ጸጉሩ ይቀጥናል፣ በክሩ ሥር ይተኛል፣ ለጅራትና ለአካል የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዚያ የሚቆረጠው እፍኝ ተጨብጦ ሲታይ ከእስክሪብቶ ቀፎ ውፍረት መብለጥ የለበትም፤ ለጅራቱማ ከዚያም ያንሳል። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን በአንድ እጅ ይዞ ሥሩን በጥቃቅን ጥርስ ማበጠሪያ ማበጠር ያስፈልጋል፤ በመካከሉ የተሸሸገው አጭርና ለስላሳ ጸጉር ሲወጣ የሚታሰረው ክፍል በግማሽ ያህል ይቀጥናል፣ ከውጭ የሚታየው ርዝመት ግን አይጎድልም። ጫፎቹን በመሣሪያ አንድ እኩል ማድረግ አያስፈልግም፤ እኩል የሆነ ጫፍ እንደ ተቆረጠ ብሩሽ ዱልዱም ሆኖ ይቀራል፣ የተፈጥሮ ልዩነቱን እንደያዘ የታሰረ ጸጉር ግን ወደ ጅራቱ እየሳሳ ይጨርሳል።

ክሩን በተመለከተ፣ ለትንንሽ ፍላዮች የሚሠራው ቀጭን ክር እዚህ ላይ አይሆንም። ጠንካራው የፖሊኢትሊን ክር ጸጉሩን ሳይበጠስ ስለሚያጠብቅ ጥቂት ዙር ብቻ ይጠይቃል፤ የሚያንሸራትት በመሆኑ ግን የመንጠቆውን ግንድ አስቀድሞ በሌላ ክር መሸፈን ወይም ጥቂት ሙጫ መቀባት ይገባል። እያንዳንዱ እፍኝ ከታሰረ በኋላ ሥሩ ላይ ፈሳሽ ሙጫ ጠብ ማድረግ የስትሪመሩን ዕድሜ ያራዝማል። ጭንቅላቱን በኤፖክሲ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚደርቅ ሙጫ መሸፈንም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሙጫው ወደ ጸጉሩ እንዳይሰርግ መጠንቀቅ ያሻል፣ የሰረገበት ቦታ ሁሉ ደርቆ እንቅስቃሴውን ይገድለዋል።

የአጋዘን ጭራ ጸጉር ረዘመ ቢባል ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ የረዘመ ስትሪመር የሚፈልግ ሰው ወይ የመንጠቆውን ግንድ በሽቦ ወይም በወፍራም ናይለን ወደ ኋላ አራዝሞ እፍኞቹን በየተራ መደርደር፣ ወይም ሰው ሠራሽ ጭረት መጠቀም አለበት። ሰው ሠራሹ ጭረት ውኃ ስለማይጠጣ ሲወረወር ቀላል ነው፣ ርዝመቱም እንደተፈለገው ነው። ነገር ግን በዛ ብሎ ከታሰረ ሕይወት የሌለው ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል፤ ስለዚህ በትንሹ እያሰሩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ እያበጠሩና በመቀስ ወደ ጅራቱ እያሳሱ መሄድ ይገባል። ከመቀሱ የሚወድቀው ብጣሪ ፕላስቲክ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፣ በተለይ ባሕሩ ዳር ሆነው የሚያስሩ ሰዎች በከረጢት ይሰብስቡት። የጥንቸል ቆዳ ቅዳጅ ግን በውኃ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር ለረዥም የባሕር ስትሪመር አልመክረውም፤ የሚጠጣው ውኃ ሁሉ ከእያንዳንዱ ውርወራ ጋር አብሮ ይነሳል።

ሌላው በጽሑፉ ያልተነሳ ነገር የጅራት መጠምጠም ነው። ረዥም ላባ ወይም ጭረት በውርወራ ጊዜ በመንጠቆው መታጠፊያ ላይ ይጠቀለልና ስትሪመሩ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ የሚመጣን ነገር ዓሣ አይነካውም፣ አጥማጁም ከሩቅ ሆኖ አያውቀውም። ቁስ ማብዛት ይህን አያድነውም። የሚያድነው ጅራቱ ሥር ላይ ጠንከር ያሉ ጥቂት ጸጉሮችን እንደ መደገፊያ ማሰር፣ ወይም ከመታጠፊያው በላይ ወፍራም ናይለን በትንሽ ቀለበት መልክ አስሮ ጅራቱን በእሱ ላይ ማሳረፍ ነው።

ወደ መንጠቆው ስመጣ ከሁሉ የሚያሳስበኝን እጽፋለሁ። ለባሕር የሚሆኑት መንጠቆዎች ብዙ ጊዜ ከ2/0 እስከ 6/0 የሚል የመጠን ቁጥር ያላቸው ሲሆኑ፣ ከቁጥራቸው በላይ መታየት ያለበት የሽቦው ውፍረትና የአፋቸው ስፋት ነው። ታርፖን የተባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ አፉ አጥንት ነው፣ ጃያንት ትሬቫሊ የተባለው ዓሣ ደግሞ ቀጭን ሽቦ የማቃናት ጉልበት አለው። ጸጉርና ሙጫ በግንዱ ላይ ሲከመር የመንጠቆው አፍ ስለሚጠብ፣ ዓሣው ቢነክስም እንኳ ሹሉ የሚገባበት ቦታ አያገኝም፤ ይህም ቁስ ማብዛትን የምቃወምበት ሌላው ምክንያት ነው። የማይዝግ ብረት ዕድሜው ረዥም ነው፣ ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት ደግሞ ሹልነቱና ጥንካሬው ይበልጣል ነገር ግን ይዝጋል። ሁለቱም መጠቀሚያ አላቸው፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሹልነቱን ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ማሳረፍ ይበቃል፤ ከተንሸራተተ ሞረድ ያስፈልገዋል፣ ከያዘ ደህና ነው።

የመንጠቆውን እሾህ፣ ማለትም ከሹሉ ሥር ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ ጫፍ፣ ሁሉም ሰው ገና ማሰር ሳይጀምር በፒንሳ ጨምቆ ማስተኛት ይኖርበታል። ቅድሚያ የምሰጠው ለዓሣው ነው፤ እሾህ የሌለው መንጠቆ ቶሎ ስለሚወጣ ዓሣው ሳይጎሳቆል ወደ ውኃው ይመለሳል። ሆኖም የሰው ጉዳይም አለበት። 4/0 መንጠቆ በፍጥነት በጆሮ አጠገብ ሲያልፍ፣ በተለይ በጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ሲወረውሩ፣ አደጋው ቀላል አይደለም። እሾሁ የተኛ መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ቢገባ በገባበት ይወጣል፤ እሾህ ያለው ግን ከባሕሩ መካከል ሐኪም ፍለጋ ያስመልሳል። ዓይን የሚከላከል መነጽርም ከዘንጉ እኩል የጉዞው ዕቃ ነው። ጋዜጣ ለብዙ ሰው ስለሚደርስ፣ ስለ ትልልቅ መንጠቆ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ ሁለት ነገሮች ሊቀሩ አይገባም ነበር። ማሰሪያ ሞርሳው ላይ ሳለ እሾሁን ማስተኛት የሚሰበር መንጠቆ ካለም አስቀድሞ ያሳያል፤ ጸጉሩ ሁሉ ከታሰረ በኋላ መንጠቆ ሲሰበር የሚባክነው ሥራ ብዙ ነው።

ጥልቅ ውኃ ላይ ለማጥመድ ክብደት ሲያስፈልግ፣ የፔንስልቬኒያው ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስለመደው አሠራር በቂ ነው፦ ጥንድ የብረት ዓይን ከግንዱ ላይ ሲታሰር ስትሪመሩ በጭንቅላቱ ይሰምጣል፣ ሹሉም ወደ ላይ ይዞራል፣ በድንጋይም በቀላሉ አይያዝም። ነገር ግን በጣም ረዥም በሆነው ላይ ከባድ ዓይን ከማሰር ይልቅ የሚሰምጥ ገመድ መጠቀም ይሻላል።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው አንድ ስትሪመር እንደጨረሰ ሃያ ሌሎችን ከማሰሩ በፊት እሱን በውኃ ይሞክረው። ሰፋ ያለ ገንዳ ይበቃል። አንድ ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ በናይለን እየጎተተ፣ ጎኑ ተኝቶ ይመጣ እንደሆነ፣ ጅራቱ ይጠመጠም እንደሆነ፣ ሲቆም ይከፈት እንደሆነ ይመልከት። ከዚያ አውጥቶ በኩሽና ሚዛን ይመዝነው፤ ደረቁንና እርጥቡን ሲያነጻጽር የያዘው ውኃ ምን ያህል እንደሆነ ያያል። ሜዳ ላይ ወጥቶ እርጥቡን ስትሪመር፣ ሹሉን ቆርጦ፣ በሚወስደው ዘንግ መወርወርም ያስፈልጋል። ብዙ ዓይነት ይዞ ከመሄድ ይልቅ የተፈተኑ ሁለት ሦስት ዓይነቶችን በተለያየ ርዝመትና ቀለም ደጋግሞ ማሰር የተሻለ ነው፤ ባራኩዳን የመሰለ ጥርሳም ዓሣ አንዱን ስትሪመር በአንድ ንክሻ ስለሚያጠፋው፣ ዓሣ የያዘለት ዓይነት ምትክ ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከስትሪመሩ ፊት አጭር የብረት ሽቦ ማሰርም ግድ ነው።

ማስቀመጫውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የጨው ውኃ የነካውን ስትሪመር ሳያጥቡና ሳያደርቁ ወደ ሣጥኑ የመለሱ ሰዎች፣ በማግስቱ ያልተነኩትም ጭምር ዝገው ያገኟቸዋል፣ ዝገቱም ነጩን ጸጉር ቡናማ አድርጎት ይቆያል። ያገለገሉት በሌላ ዕቃ ተለይተው ይቀመጡ፣ ማታ በጨው አልባ ውኃ ይታጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁም ሣጥኑ አይከደን። ረዣዥሞቹ ሳይታጠፉ መቀመጥ አለባቸው፤ የታጠፈ ላባ በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ሲያዝ ብዙውን ጊዜ ይቃናል። ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን ጸጉርና ላባ ደግሞ ብል እንዳይበላው በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማኖር ይገባል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ባልደረባችሁ ለሥራው ፍቅር እንዳለው ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ ደብዳቤዬም እሱን ለማሳነስ የተጻፈ አይደለም። የምጠይቃችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ስትጽፉ ስለ እሾሁና ስለ መነጽሩ የሚገልጽ አንቀጽ እንድትጨምሩ፣ የስትሪመሩንም ፎቶግራፍ ደረቅ ሆኖ በሞርሳ ላይ ብቻ ሳይሆን ርሶ ከውኃ በወጣበት ሁኔታም አብራችሁ እንድታትሙት ነው፤ አንባቢው ምን ያህል ጸጉር ማሰር እንዳለበት በትክክል የሚያየው በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ